ከኋላ የምትከተለው ትንሿ መኪና

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን በአሜሪካ አውራ ጎዳና የነዳ ሁሉ አይቷታል። ከፊት አውቶቡስ የሚያህል፣ አርቪ የሚባል ተንቀሳቃሽ ቤት ይሄዳል፤ ከኋላው ደግሞ ሾፌር የሌላት ትንሽ መኪና በአራት ጎማዋ እየተንከባለለች ትከተላለች። ሰው ዓይኑን የሚጥለው ፊተኛው ላይ ነው፤ አልጋው ስንት ነው፣ ሻወር አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ የማደንቀው ኋለኛዋን ነው። ያለ እሷ ያ ሁሉ ቤት አንዴ ከቆመ የሚነቃነቅ አይደለም።

አርቪ ካምፕ ሲደርስ እንደ ድንኳን ይተከላል። መብራቱ ከምሰሶው፣ ውሃው ከቧንቧው፣ የፍሳሽ ቱቦው ከጉድጓዱ ጋር ይያያዛል፤ እግሮቹ ወርደው ወለሉ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ወተት አለቀ ተብሎ ያን ሁሉ ነቅሎ ሱቅ መሄድ የማይታሰብ ነው። ትንሿን መኪና ፈትቶ መሄድ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ነገሩ የወተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። ሞንታና ውስጥ ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባል መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሎጋን ፓስ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,026 ሜትር ይደርሳል። አንዱ ወገኑ ገደል፣ ሌላው ወገኑ የተጠረበ ዓለት ነው። በመካከለኛውና እጅግ በሚያምረው ክፍሉ፣ ከአቫላንሽ እስከ ራይዚንግ ሰን ባለው፣ ርዝመቱ ከ21 ጫማ ወይም ወርዱ ከ8 ጫማ የሚበልጥ ተሽከርካሪ አይገባም። ስለዚህ አብዛኛው አርቪ ከታች ይቀራል። ለእኛ ለዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ ቅርባችን ያለው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በፓርኩ መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣ የተጫነበት ትልቅ አርቪ ወደዚያ ሲጠጋ ሾፌሩ ላብ ያጠምቀዋል። አርቪውን ካምፕ አቁሞ በትንሿ መኪና የወጣ ሰው ግን መስኮቱን ከፍቶ፣ ልጆቹን እያጫወተ ያልፋል።

ትንሽ መኪናን ከኋላ ለማስከተል ሦስት መንገዶች አሉ። ሙሉ በሙሉ ተሳቢ ላይ መጫን አንዱ ነው፤ የፊት ጎማዎቿን ብቻ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ማውጣት ሁለተኛው ነው፤ አራቱንም ጎማ መሬት ላይ አድርጎ በብረት መጎተት ሦስተኛው ነው። የምወደው ሦስተኛውን ነው። ካምፕ ስትደርሱ ባዶ ተሳቢ የት ላቁም የሚል ጭንቀት የለበትም። ግን ሰው አብዝቶ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ስህተቱ «ኒውትራል ካደረግሃት ማንኛዋም መኪና ትጎተታለች» የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ካምፕ ላይ ያገኘሁት ወጣት ወገናችን ይህንኑ ነበር የነገረኝ። ከቤተሰቡ ጋር ረጅም ጉዞ ሊጀምር ነው፤ መጎተቻውን ብረት ገዝቶ አስገጥሟል፤ አውቶማቲክ የቤት መኪናውን አስሯል። «ጋሼ፣ ኒውትራል ላይ ናት እኮ፤ ጎማው ይዞራል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ምን ትሆናለች?» አለኝ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱ ግን ካምቢዮው ውስጥ ነው ያለው።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ አለ። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ዘይቱ ታች ገንዳው ውስጥ ይተኛል። ጎማዎቹ ግን መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ስለሆነ የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ ከኋላ በኩል ያዞሩታል። ዘንጉ ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ይዞ ይሽከረከራል። ኒውትራል ማለት ሞተሩና ጎማው ተለያዩ ማለት ነው እንጂ ካምቢዮው ውስጥ ምንም አይዞርም ማለት አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሰዓታት ሲጎተት፣ ብረት በብረት ላይ ያለ ዘይት ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ይበላል። ከፊት ያለው ሾፌር ደግሞ የሚሰማው ነገር የለም። ጉዳቱ የሚታወቀው መኪናዋ ተፈትታ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሽ ገብቶ አልሄድም ስትል ነው።

የእጅ ማርሽ መኪና በገመድ ሲጎተት እያየ ያደገ ሰው ይህን ለመቀበል ይከብደዋል። በብዙዎቹ የእጅ ማርሽ ካምቢዮዎች ውስጥ ጥርሶቹ ራሳቸው ዘይት ውስጥ ተነክረው እየረጩት ይዞራሉ፤ ፓምፕ አይጠብቁም። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አይደሉም፤ የመመሪያ መጽሐፋቸው ሳይፈቅድ ሩቅ መንገድ ማስጎተት አይገባም። አዲስ አበባ ላይ አውቶማቲክ ቪትዝ ቆመችብኝ ብሎ በገመድ አስሮ ከተማ ለከተማ የሚያስጎትት ሰው፣ አርቪ ባይኖረውም እዚሁ ስህተት ውስጥ ነው። የቪትዝ መንጃ ጎማዎች የፊቶቹ ስለሆኑ ቢያንስ እነሱ ከመሬት መነሳት አለባቸው።

ታዲያ በአራት ጎማቸው መጎተት የሚፈቀድላቸው አውቶማቲኮች እንዴት ሆኑ? እስከ 2014 ሞዴል ያለችው ሆንዳ ሲአርቪ አውቶማቲክ ሆና በአራት ጎማዋ ትጎተት ነበር። የዚያ ዘመን የሆንዳ አውቶማቲክ ካምቢዮ አሠራሩ ከእጅ ማርሽ ጋር ይቀራረባል፤ ጥርሶቹ ጎን ለጎን በተዘረጉ ዘንጎች ላይ ናቸው። መጽሐፉ ሥርዓት ያዝዛል፦ ሞተሩ ይነሳል፤ ማርሹ ዲ ላይ 5 ሴኮንድ ይቆያል፤ ከዚያ ኒውትራል ይገባና ሞተሩ 3 ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ይጠፋል። ቁልፉ መሪውን በማይቆልፍበት ቦታ ይቀራል። ፍጥነት ከ65 ማይል አይበልጥም። በ2015 ሞዴል ካምቢዮው ሲቪቲ ወደሚባለው ሲለወጥ ይህ ፈቃድ አበቃ። ስሟም መልኳም ያው ሲአርቪ ነው። «ጎረቤቴ ሲአርቪ ይጎትታል» ብሎ የ2015ቷን የሚያስር ሰው የሚሳሳተው እንግዲህ በዚህ አንድ ዓመት ልዩነት ላይ ነው።

ጂፕ ራንግለር ደግሞ ኒውትራል ባዩን ሁሉ ግራ ታጋባለች። ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ኒውትራል ይደረጋል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮው ግን ፓርኪንግ ላይ ይቀመጣል። በትክክል አነበባችሁ፤ ፓርኪንግ ላይ። ማከፋፈያው ስለተቋረጠ የጎማዎቹ መዞር ካምቢዮው ጋ አይደርስም፤ ፓርኪንጉ ደግሞ ካምቢዮውን አስሮ ያቆየዋል። ከመታሰሯ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ዲም አርም አስገብቶ መፈተን ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም ካልሄደች ማከፋፈያው በእውነት ተቋርጧል። በዚህ ሁኔታ ላይ ፓርኪንጉ መኪናዋን እንደማይዛት አትርሱ። እስክትታሰር የእጅ ፍሬን ያስፈልጋል፤ ከታሰረች በኋላ ደግሞ ያው ፍሬን መለቀቅ አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገር የባሰ ነው። ጎማው ሲዞር ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምራል። የአብዛኞቹ አምራቾች መመሪያ መኪናዋ ተጭና እንጂ ተጎትታ እንዳትሄድ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ለአገር ቤት አንባቢም ቅርብ ጉዳይ ሆኗል። ገመድ ከማውጣት በፊት ጫኝ መኪና መጥራት ይሻላል።

ያ ወጣት የመኪናውን መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ ኪስ አውጥቶ ስለ መጎተት የሚናገረውን ገጽ ስልኩን አብርቶ አነበበ። በአራት ጎማዋ እንዳትጎተት ይላል። ባለቤቱ ከጎኑ ቆማ ነበር፤ «ተመስገን ነው፣ መንገድ ሳንገባ» አለች። በማግስቱ ሁለት ጎማ የሚያነሳውን ጋሪ ተከራይተው ሄዱ። የእነሱ መኪና በፊት ጎማዋ የምትነዳ ስለሆነች ለጋሪው ትስማማለች።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር መኪና አስከትሎ ወደኋላ መሄድ ነው። ባጭሩ አይቻልም። እዚህ አገር ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን 53 ጫማ ተሳቢ በጠባብ ግቢ ወደኋላ ያስገባሉና፣ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ግን ተሳቢያቸው የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጎማዎቹም ራሳቸውን አይጠመዝዙም። የተጎታች መኪና የፊት ጎማዎች ግን መሪ አላቸው። ወደፊት ስትጎተት በራሳቸው ይቃናሉ፤ ወደኋላ ስትገፋ ግን ባንድ ጊዜ ወደ ጎን ይታጠፉና መኪናዋ በጎኗ ትገፋለች። መጎተቻው ይጣመማል፤ ጎማው አስፋልቱን ይፍቃል። ስለዚህ ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን አይታችሁ ግቡ። ከተዘጋባችሁ ውረዱና ፍቱ።

ስለ ፍሬን ጥቂት ልበል። ብዙ አርቪዎች የሚሠሩበት ፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ራሱ ከነጭነቱ ከ14,500 ፓውንድ፣ ከነሚጎትተው ከ22,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልዩነቱን አይቶ የሚደሰት አለ፤ ነገር ግን መንጠቆውም መጎተቻ ብረቱም የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ የሚሠራው ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው። የአርቪው ፍሬን ደግሞ የታሰበው ለራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ትንሿ መኪና የራሷ ፍሬን መያዝ አለባት። ከሾፌሩ ወንበር ፊት የሚቀመጥ፣ አርቪው ፍሬን ሲይዝ ክንዱን ዘርግቶ ፔዳሉን የሚረግጥ መሣሪያ አለ። መኪናዋ ከነመንጠቆው ብትነጠል ደግሞ አንዲት ቀጭን ገመድ ፒን ነቅላ ፍሬኗን ታስይዛለች። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የቁልቁለት መንገድ ግን የትም ያው ቁልቁለት ነው። ይህን መሣሪያ «ኋላ እገዛዋለሁ» የሚል ሰው ልጆቹን ይዞ ተራራ ባይወርድ እመርጣለሁ። የኋላ መብራትና ፍሬቻ ከአርቪው ጋር አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ግን ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት አንዳችሁ ውረዱና ከጎን ቁሙ። አርቪው ቀስ ብሎ ጥቂት ሜትር ይሂድ። የቆመው ሰው ዓይኑን ከአራቱ ጎማዎች ላይ አይንቀል፤ አንዱ ሳይዞር ከተጎተተ ወይ የእጅ ፍሬን ተይዟል ወይ ማርሽ ገብቷል። ከዚያ በትንሿ መኪና ጎማዎች ላይ የአየር ግፊት መጠቆሚያ አድርጉ፤ የእሷ ጎማ ቢተነፍስ ከፊት ያለው ሾፌር አይሰማውምና።

መኪና ለመግዛት የምታስቡም ካላችሁ ከቀለሙና ከዋጋው በፊት መጽሐፉን ጠይቁ፤ ስለ መጎተት የሚናገረውንም ክፍል አንብቡ። ሻጩ «ትጎተታለች» ቢላችሁ ገጹን አሳየኝ በሉት። ገጹ ላይ ከሌለ አትሰሯት።