አረንጓዴው ከረጢት

በመዋጮው መዝገብ ላይ የሰፈረው ትንሹ ገንዘብ ስድስት ሳንቲም ነው፤ ትልቁ አንድ ሺህ ዶላር። በሁለቱ መሀል ከ1,800 በላይ ሰዎች አሉ። ከዘጠና ያህል ከተሞችና መንደሮች የተዋጣው ሁሉ ሲደመር 27,000 ዶላር ገደማ ሆነ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳውዝ ሃድሊ በምትባል መንደር በ1837 የተከፈተው የማውንት ሆልዮክ የሴቶች ሴሚናሪ (ከፍ ያለ ትምህርት ቤት) የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አረንጓዴ የከፋይ ከረጢት ይዛ፣ በፈረስ ሠረገላ ከመንደር መንደር እየዞረች ገንዘቡን የለቀመችው ሜሪ ላዮን የምትባል አስተማሪ ነበረች።

የአሜሪካ ሴቶች እንዴት ትምህርት ቤት እንደገቡ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለተዘጋ በርና በሩን ስለሰበረች ጀግና ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ማሳቹሴትስ ባለችበት በኒው ኢንግላንድ ሴት ልጅ ፊደል ቆጠረች ብሎ የሚቆጣ ብዙ ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ነበረባትና። የሠፈር ሴት ከቤት ሥራዋ ጎን ለጎን ሕፃናት ሰብስባ ታስነብብ ነበር። መጻፍ ግን ለነጋዴና ለጸሐፊ፣ ማለትም ለወንድ የተተወ ሌላ ሙያ ነበር። እናም ማንበብ እየቻሉ በፊርማ ፋንታ ምልክት የሚያኖሩ ሴቶች ሞልተው ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤትም ብዙውን ጊዜ ሴቶችን የሚያስገባው ወንዶቹ ለእርሻ ወጥተው ወንበሩ ባዶ በሚሆንባቸው ወራት ነው። ቦስተን በ1789 የከተማዋን ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ስትከፍት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ ብላ ነበር። በ1826 የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1828 ዘጋችው። የተዘጋው ተማሪ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ በዝቶ ነው። በደቡብ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነበር፤ በርካታ ግዛቶች በባርነት የተያዘ ሰው ፊደል ማስተማርን በሕግ ያስቀጡ ነበር።

በሰሜኑ ከመሠረታዊ ትምህርት በላይ የፈለገች ልጅ የግል ትምህርት ቤት ትፈልጋለች። እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩ፤ ጥሩዎችም አሉባቸው። ኤማ ዊላርድ በ1821 ኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ ከተማ የከፈተችው ሴሚናሪ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምር ነበር። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፍያው የሀብታም ልጅ ብቻ የሚችለው ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ አብዛኞቹ የአንዲት ሴት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አስተማሪዋ ስትታመም፣ ስታገባ ወይም ስትሞት ትምህርት ቤቱም አብሮ ይሞታል። ሃርቫርድ ግን ከ1636 ጀምሮ መምህራኑን እየቀበረ ይቀጥላል፤ ባለአደራ ቦርድ፣ ርስትና ሕንፃ አለውና።

ሜሪ ላዮን ይህን ያወቀችው ሠርታበት ነው። በ1797 ባክላንድ በተባለ ኮረብታማ የገበሬ መንደር ተወለደች። አምስት ዓመቷ ላይ አባቷ ሞቱ። እናቷ ሌላ ባል አግብተው ሲሄዱ እሷ ወንድሟ ዘንድ ቀርታ በሳምንት አንድ ዶላር እየተከፈላት ቤቱን ታስተዳድር ጀመር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አስተማሪ ሆነች፤ ደመወዟ ምግብና መኝታ ሆኖ ከዚያ ላይ በሳምንት ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር። ራሷ ለመማር ስትነሳ ደግሞ እየፈተለችና እየሸመነች ያዘጋጀችውን ጨርቅ ይዛ ሄደች። በኋላ ኢፕስዊች ከተማ ከጓደኛዋ ከዚልፓ ግራንት ጋር ስታስተምር፣ ሁለቱ ለትምህርት ቤቱ ቋሚ ሀብት ለማሰባሰብ ሞከሩ፤ ባለገንዘቦቹ ጆሮ አልሰጧቸውም።

በ1834 ሥራዋን ለቅቃ ለብቻዋ ተነሳች። በዚህ ጊዜ ወደ ባለጠጎች ሳይሆን በቅድሚያ ወደ ሴቶች ሄደች፤ የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ዶላር ያዋጡላት የኢፕስዊች ሴቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው አረንጓዴው ከረጢት መንገድ የጀመረው። ያላገባች ሴት ብቻዋን በሠረገላ ተሳፍራ ገንዘብ መለመኗ ወዳጆቿን ሳይቀር አሳፍሯቸው ነበር። እሷ አላቆመችም። ገንዘብ የሌለው የአልጋ ልብስ ሰፍቶ ሰጠ፤ ሴቶች በማኅበር ሆነው የተማሪዎቹን ክፍሎች ለማሟላት ቃል ገቡ። የትምህርት ቤቱ ቻርተር፣ ማለትም የመቋቋሚያ ሕጉ፣ በ1836 ጸደቀ። ትምህርት ቤቱ የእሷ ንብረት አልነበረም፤ ለባለአደራ ቦርድ ተሰጠ። ትልቁ ነገር ይኸው ነው ባይ ነኝ። አስተማሪዋ ብትሞት የማይሞት ትምህርት ቤት ነበር የፈለገችው።

በኖቬምበር 8 ቀን 1837 ተማሪዎቹ ሲደርሱ ባለአራት ፎቁ የጡብ ሕንፃ ገና አላለቀም ነበር። ዲያቆን ሳፎርድ፣ ከቦስተን የመጡት የቦርድ አባል፣ ተንበርክከው የሣር ምንጣፍ በሚስማር ይመታሉ። (እዚያ ዲያቆን ማለት ቅዳሴ ላይ የሚያገለግል ወጣት ሳይሆን በምእመናኑ የተመረጠ አባወራ ነው።) ባለቤታቸውና የዲያቆን ፖርተር ባለቤት ደግሞ ሳህን ያጥባሉ። በዚህ ትርምስ መሀል ሰማንያ ልጃገረዶች የመግቢያ ፈተና ተፈተኑ።

የዓመቱ ክፍያ፣ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም፣ ማገዶና መብራት ሳይጨምር ስልሳ ዶላር ነበር። እንዲህ ሊረክስ የቻለው አገልጋይ ባለመቀጠሩ ነው። ዳቦ የሚጋግሩት፣ ልብስ የሚያጥቡትና የሚተኩሱት፣ ወለል የሚጠርጉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሥራው ተከፋፍሎ ለአንዷ የሚደርሳት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ገጣሚዋ ኤሚሊ ዲክንሰን በ1847 ስትገባ የደረሳት ቢላዋ ነው፤ ጠዋትና ቀትር ከመጀመሪያው ረድፍ ጠረጴዛዎች ቢላዋዎቹን ታነሳለች፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ያህል አጥባ ትወለውላለች። ይህን ለጓደኛዋ በጻፈችው ደብዳቤ አስፍራዋለች፤ ቅሬታ አይነበብበትም።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ቤት አያያዝ አስተምሩልኝ» ብለው የሚልኩ ነበሩ። ላዮን ግን ያ የእናት ሥራ ነው፣ እዚህ የሚሠራው ወጪ ለመቀነስ ብቻ ነው ትል ነበር። ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ኦበርሊንን ሲያዩት ግን አይመስልም። በዚያው 1837 ኦሃዮ የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ አራት ሴቶችን ለሙሉ ዲግሪ መዝግቦ ታሪክ ሠርቷል፤ ሦስቱ በ1841 ተመረቁ። ነገር ግን ኦበርሊን ውስጥ ሴቶቹ የወንድ ተማሪዎችን ልብስ ያጥቡና ይጠግኑ ነበር። ማውንት ሆልዮክን ለአጭር ጊዜ ቀምሳ በኋላ ኦበርሊን የተማረችው ሉሲ ስቶን በ1847 ስትመረቅ ለምረቃው በዓል ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ተጠየቀች፤ ጽሑፉን የሚያነበው ግን ወንድ ነው ተባለች። አልጽፍም አለች። በኔ ሚዛን፣ ዲግሪ የማይሰጠው የላዮን ቤት በዚህ በኩል ዲግሪ ከሚሰጠው ይሻል ነበር።

ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ላዮን ለራሷ የወሰደችው በዓመት ሁለት መቶ ዶላር ነበር፤ ለሌሎቹ አስተማሪዎችም ትንሽ ትከፍል ነበር። የዘመኑ ታዋቂ አስተማሪ ካትሪን ቢቸር ይህን አጥብቃ ተቃወመች፤ ሴት በርካሽ ታስተምራለች የሚለውን ሐሳብ ታጠናክሪያለሽ አለቻት። ቢቸር እውነቷን ነበር። ሌላው ሃይማኖቱ ነው። ተማሪዎቹ እምነታቸውን የመሰከሩ፣ ተስፋ ያላቸውና ተስፋ የሌላቸው ተብለው ይለዩ ነበር። ዲክንሰን «ተስፋ የሌላቸው» ውስጥ ነበረች፤ ሁለተኛ ዓመትም አልተመለሰችም።

ላዮን በ1849 በሃምሳ ሁለት ዓመቷ በበሽታ ሞተች። ትምህርት ቤቱ ቀጠለ። በ1896 ሕንፃው በእሳት ጋየ፤ አሁንም ቀጠለ። በመካከሉ ቫሳር፣ ዌልስሊ፣ ስሚዝ፣ ብሪን ሞር የሚባሉት የሴቶች ኮሌጆች ተከፈቱ። በ1873 የቦስተኑ ሐኪም ኤድዋርድ ክላርክ ከባድ ትምህርት የሴትን ማሕፀን ይጎዳል የሚል መጽሐፍ አሳትመው ብዙ አንባቢ አገኙ። ኮሌጆቹ ግን ተማሪ አላጡም። በ1883 ሆርተንስ ፓርከር ከማውንት ሆልዮክ ተመረቀች፤ እስካሁን በሚታወቀው የመጀመሪያዋ ጥቁር ተመራቂ ናት። አባቷ ጆን ፓርከር ከባርነት ራሱን ገዝቶ ነፃ የወጣ፣ ኦሃዮ ውስጥ የብረት ማቅለጫ የነበረው ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ የአሁኑን የኮሌጅ ስሙን ያገኘው በ1893 ነው። ዬልና ፕሪንስተን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪነትን ለሴቶች የከፈቱት በ1969 መሆኑን ልብ ይሏል። በ1972 ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በፆታ እንዳያዳሉ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ታይትል ናይን ይሉታል።

ከኮሌጁ ተመራቂዎች አንዷን ሳታውቋት አትቀሩም። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1929 ተመረቀች፤ ከዚያም ሐኪም ሆና ለቀዶ ጥገና ሠለጠነች። አለቃዋ ግን ሴት በዚህ ሙያ እንጀራ አይወጣላትም ብለው ወደ ማደንዘዣ ሕክምና መሯት። በዚያ ሥራዋ በማዋለጃ ክፍል ስትመላለስ በ1952 አንድ ቀላል መለኪያ አወጣች፦ የቆዳ ቀለም፣ የልብ ምት፣ ለንክኪ የሚሰጥ ምላሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ አተነፋፈስ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ይሰጣል፤ ድምሩ ከአሥር ይያዛል። ልጅዎ ሐኪም ቤት ከተወለደ፣ አዲስ አበባም ይሁን ደሴ፣ አዋላጇ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ መዝገቡ ላይ የጻፈችው ቁጥር እሱ ነው፤ ስሙም አፕጋር ነው።