ቱርቦው ሲቀየር ፖምፓው ምን ይላል?

ጣሊያን ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ ናርዶ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ክብ የሆነ የመኪና መሞከሪያ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 መርሴዲስ ቤንዝ ሲ 111 የተባለች የሙከራ መኪናውን እዚያ ወስዶ ሌት ተቀን አስሮጣት። የተጫነላት ሞተር ለውድድር የተወለደ አልነበረም። መነሻው በ80 ፈረስ ጉልበት ዝግ ብሎ የሚጓዘው፣ ባለ 5 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። መሐንዲሶቹ ቱርቦና የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ገጥመውለት 190 ፈረስ ጉልበት አወጡበት። መኪናዋም በአማካይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች 16 የዓለም ክብረ ወሰኖችን ይዛ ወጣች። በ1978 ደግሞ ተተኪዋ በዚሁ ሞተር፣ በ230 ፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነጎደች።

በዚያው ዓመት ባለ ቱርቦው ሞተር ለገበያ ቀረበ። ለአሜሪካ የተሠራችው 300 ኤስዲ ቱርቦ የተገጠመላት የመጀመሪያዋ የናፍጣ የቤት መኪና ሆነች። ጉልበቷ ግን 110 ገደማ ብቻ ነበር። ኋላ የመጡት እህቶቿ 125 ደረሱ፤ ከዚያ በላይ ፋብሪካው አልደፈረም። ደንበኛ የሚገዛው ሞተር ለጥቂት ቀን ሳይሆን ለዓመታት፣ መሐንዲስ ሳይጠብቀው መሥራት አለበትና።

በ125 እና በ230 መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው እስከ ዛሬ የስንቱን መካኒክ እጅ የሚበላው። በፊንላንድና በስዊድን የድሮ መርሴዲስ ወዳጆች የፋብሪካውን ቱርቦ አውልቀው ከጭነት መኪና የተፈታ ሆልሴት የተባለ ቱርቦ ይገጥማሉ፤ ከቮልስዋገን ያወጡትን የሚመርጡም አሉ። ሲያዩት ጥቂት ብሎን ፈትቶ ጥቂት ብሎን ማሰር ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቱርቦ ሐሳብ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ባለ ክንፍ ተሽከርካሪዎች አሉ። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያዞረዋል፤ ሌላኛው ንጹሕ አየር ስቦና አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚከላከለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቱርቦ አየር እንጂ ጉልበት አይሰጥም። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ነጂው ሲረግጥ የሚጨምረው ናፍጣውን ነው፤ አየሩ የመጣውን ያህል ይገባል። ስለዚህ ትልቅ ቱርቦ አስገጥሞ የናፍጣ ፖምፓውን እንዳለ የተወ ሰው የሚያገኘው የጠራ ጭስና ቀዝቀዝ ያለ ሞተር ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ፖምፓው ሲከፈት ነው። ፖምፓው ከአየሩ አልፎ ከተከፈተ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱም ይንራል። በቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲበዛ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል። በናፍጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትርፉ አየር ያቀዘቅዛል፣ ትርፉ ነዳጅ ያቃጥላል። የቤንዚን ልምዱን ይዞ ናፍጣ የሚነካካ መካኒክ አንዳንዴ ፒስተን የሚያቀልጠው ለዚህ ነው።

መጠኑም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሆልሴት ኤችኤክስ 35 ከሚንስ 5.9 ሊትርን ለመሰለ የጭነት መኪና ሞተር የሚሆን ቱርቦ ነው። ግማሹን ያህል በሆነ የ3 ሊትር ሞተር ላይ ሲገባ፣ ጭሱ ያንን ትልቅ ተሽከርካሪ ለማስነሣት አቅም ያጥረዋል። መብራት ለቆት ነጂው ሲረግጥ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቃል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ድንገት ወንበር ላይ የሚለጥፍ ጉልበት ይመጣል። በሰፊ አውራ ጎዳና ደስ ይል ይሆናል፤ ለአዲስ አበባው የመገናኛ ሰፈር መጨናነቅ ግን ቅጣት ነው። በጣም ትንሹ ቱርቦ በተቃራኒው ቶሎ ይነሣል፣ ዙር ሲጨምር ግን ጭሱን መውጫ ይነሳዋል፤ ሞተሩም እዚያው ይታፈናል።

ሁለቱን የሚያስታርቀው በ1990ዎቹ አጋማሽ በቮልስዋገን 1.9 ቲዲአይ ላይ የገባው፣ የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ ክንፎች ያሉት የጋሬት ቱርቦ ነው። ዙር ሲያንስ ክንፎቹ መንገዱን አጥብበው ጭሱን ያፈጥኑታል፤ ሲበዛ ይከፈታሉ። አሮጌው መርሴዲስ ግን ክንፎቹን የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም። ገጣሚው በአየር ግፊት የሚሠራ መግፊያ ራሱ አስተካክሎ ማሰር አለበት፤ ክንፎቹ ተዘግተው ከቀሩ ቱርቦው ከልኩ በላይ ይዞራል።

አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር አየር ተቀብሎ 0.7 የሚጨምር ቱርቦ ሞተሩን በ1.7 ባር ይመግባል። አዲስ አበባ ላይ የሚቀበለው 0.76 አካባቢ ነው። ያንኑ 1.7 ለማድረስ አየሩን ከ2.2 እጥፍ በላይ ማመቅ፣ ዘንጉንም ይበልጥ አፍጥኖ ማዞር ይኖርበታል። አውሮፓ ውስጥ «ለዚህ ሞተር ይበቃል» የተባለ ቱርቦ እዚህ አቅሙ ጫፍ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ፈተናው ዓባይ በረሃ ላይ ይለያል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት፣ በከባድ ማርሽ፣ በቆላ ሙቀት መውጣት አለ። የውሃው ሙቀት መለኪያ ለጊዜው ንቅንቅ ላይል ይችላል። የጭሱ ሙቀት ግን በሰከንዶች ውስጥ ይተኮሳል። ቱርቦ ሊቀይር የተነሣ ሰው ከቱርቦው አስቀድሞ የጭስ ሙቀት መለኪያ ቢገዛ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች መርፌው 700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እግራቸውን ያነሣሉ።

መርሴዲስ ራሱ ቱርቦ ብቻ ገጥሞ አልተወም። ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት የሚረጩ አፍንጫዎች ጨመረ፤ የጭስ ቫልቮቹንም ሙቀት ቶሎ እንዲያስተላልፉ ውስጣቸውን በሶዲየም ሞላ። ገጠር መንገድ ላይ የማይታጣው የላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ሞተር፣ 1ኤችዜድ፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው፤ የአየር መጭመቂያ ልኩም ከ22 ለ1 ያልፋል። ቶዮታ ለዚሁ ቤተሰብ ቱርቦ ሲያስብ 1ኤችዲቲ የተባለ ሌላ ሞተር አወጣ፤ ልኩን ወደ 18.6 አወረደ፣ የናፍጣ አረጫጨቱንም ለወጠ። ቱርቦ የተጨመረባቸው 1ኤችዜዶች በርካታ ናቸው፤ ዕድሜ ያገኙት ግን ፖምፓቸው በልክ የተከፈተላቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማደስ ለባለንብረት አንዱ አማራጭ ነው። ያገለገለ ቱርቦ የሚገዛ ሰው በጣቱ መመርመር ይችላል። ዘንጉን ይዞ ወደ ጎን ሲነቀንቀው ጥቂት ቢላወስ ችግር የለውም፤ ተሽከርካሪው ግን ቤቱን መንካት የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋና ሲስበው እጅ ላይ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ መመለስ ነው። የክንፎቹ ጫፍ ከተሸረፈም እንዲሁ።

አሮጌው ቱርቦ የሞተበት ምክንያት ካልታወቀ አዲሱም ብዙ አይቆይም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቀጭኗ የዘይት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ውስጧ ተቃጥሎ ይደርቅና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። እሷን አጥቦ ከመመለስ በአዲስ መተካት ይሻላል። ከመታሰሩ በፊት ቱርቦው ውስጥ ንጹሕ ዘይት ይጨመራል፣ ከታሰረ በኋላ ናፍጣው ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ይዞራል፤ በመመለሻው ቱቦ ዘይት ሲወርድ ከታየ በኋላ ይነሣል።