ውበትና ብረት፦ የፋብሪካ ሞተር ሳይክልን ስለ ማሳመር



የዛሬው ንግግሬ ከፋብሪካ የወጣን የሞተር ሳይክል ክፍል ለመልክ ሲባል መለወጥ በብረቱና በአነዳዱ ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚመለከት ነው። ርእሱ ለዚህ መድረክ የቀለለ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን መካኒክስን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ልማዱ የገነነው በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሽከርካሪዎች የፊቱን ፓራፋንጎ እየነቀሉ፣ የኋላውን እያሳጠሩ ሞተራቸውን አቀለሉ። ይህ ክብደት የሚቀንስ በመሆኑ ማሽኑን እምብዛም አልበደለውም። በ1960ዎቹ ግን የፊት እግሮቹን የማስረዘም ፋሽን መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተሰኘው ፊልምም ለዓለም አስተዋወቀው። የፊልሙን ሞተሮች በማበጀት የተሳተፉት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ክሊፍ ቮውስና ቤን ሃርዲ፣ ስማቸው በፊልሙ ላይ አልተጠቀሰም። የእጅ ባለሙያ ስም መዘንጋቱ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም።

ወደ ስሌቱ ልግባ። መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳባችን እስከ መሬት ብናስረዝመው፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀደም ብሎ ያርፋል። ጎማው መሪውን እየተከተለ ራሱን እንዲያቀና የሚያደርገው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው። የጎማው ሬዲየስ 320 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ዘንበልታ ከቀጥታ ቁመት 27 ዲግሪ፣ የጎማው እምብርት ከዘንጉ ወደ ፊት የወጣበት ልክ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ርቀቱ 101 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላውን ሳንነካ ዘንበልታውን ወደ 40 ዲግሪ ብናደርሰው 197 ይደርሳል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። እንዲህ ያለው ሞተር በቀጥተኛ አውራ ጎዳና ላይ ረግቶ ይሄዳል፤ በከተማ መታጠፊያ በዝግታ ሲነዱት ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማውም ወደ ጎን መውደቅ ይሻል። ዘንበልታውን የለወጠ ሰው የእምብርቱንም ልክ አብሮ ማስላት የሚገባው ለዚህ ነው።

ክሮምን በተመለከተ፣ ዓይናችንን የሚስበው ልስላሴ በአብዛኛው የሚመጣው ከሥሩ ካለው ኒኬል ነው፤ ለጌጥ የሚለበጠው ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። ፓራፋንጎን መለበጥ ለብረቱ የሚያሰጋ ነገር የለውም። አደጋው ያለው በጠንካራ ቡሎኖች ላይ ነው። ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት በአሲድ ሲታጠብና በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ሃይድሮጅን ይመጣል፤ ቡሎኑ ተጠብቆ ከታሰረ ከሰዓታት በኋላም ምልክት ሳያሳይ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከተለበጠ በኋላ ሳይዘገይ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት መሞቅ አለበት። የመንደር ለባጭ ይህን ያደርጋል ብዬ አልተማመንም፤ የፍሬን ቡሎን ክሮም ይለበጥ ወይ ለሚለኝ ተማሪም መልሴ ምንጊዜም አይሆንም የሚል ነው።

ከገንዳው የሚነሣውን ጭጋግ የሚተነፍሰውም ለባጩ ነው። በቆየው ዘዴ የሚሠራበት ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው፤ በቤተ ሙከራችን ያለ አየር መሳቢያ ክሮም መለበጥን የማልፈቅደውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።