ጣሪያው በተነሳ ቤት የዒድ ኮፍያ

ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን የቤታችን ጣሪያ ተነሳ። ፎንቆ ከተማ ውስጥ በበራችን ያለፈ ጎረቤት ሁሉ «በጾም ቤት ያፈርሳሉ እንዴ?» እያለ ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ግን በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የገባው የካቲት 22 ቀን ስለነበር ዒድ እስኪያልፍ ብንጠብቅ ምርጊቱ ሳይደርቅ የበልግ ዝናብ ያገኘዋል። ረመዳን ካለፈው ዓመት 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በጋንም ክረምትንም ያዳርሳል፤ በእኛ ዕድሜ ከቤት እድሳት ጋር የገጠመው በዚያ ዓመት ነው።

ቤቱን የሚያሳድሰው ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድማችን ነው። ከሆሳዕና እስከ ከምባታ ከተሞች ድረስ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ስንቱ ቤት ጣሪያው የተቀየረው፣ ስንቱ ግቢ በብሎኬት የታጠረው እዚያ ሱቅ በሚጠብቅ ልጅ ገንዘብ ነው። ወንድማችን ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። እሱ የላከልንን ቆጥረን እናውቀዋለን፤ እኛ ለእሱ የላክነው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቆሎና በርበሬ ብቻ ነው። ወደ ጆሃንስበርግ የሚመለስ አንድ የአካባቢያችን ሰው ከዒድ በኋላ ባለው ማክሰኞ እንደሚጓዝ ስንሰማ «ዘንድሮ እንኳ በእጃችን የሰፋነውን እንላክለት» አልን። ለአንድ ሰው ተጀምሮ ለአንድ ሰው የሚያልቅ ስጦታ ደግሞ በእኛ ቤት የለም። ለዒድ የሚሰበሰቡት የእህት የወንድም ልጆች ሰባት ናቸው፤ ለአራቱ ወንዶች ኮፍያ፣ ለሦስቱ ሴቶች ጠርዙ በኪሮሽ የተሠራ ሻሽ፣ ለአያታችን ጥንድ የትራስ ልብስ ታቀደ። የወንድማችን ኮፍያ ሲጨመር አሥር ዕቃ ማለት ነው።

ገበያ ላይ የተዘጋጀ ኮፍያ ሞልቷል፤ ቁጭ ብሎ ከመልፋት መግዛቱ ይቀላል ያለን ሰውም ነበር። ልክ ነው፣ ይቀላል። ነገር ግን ሚስማርና ጣውላ የሚጠጣው ብር ለሰባት ልጆች ስጦታ የሚተርፍ አልነበረም፤ አቡጀዲው ግን ቀድሞ ለመጋረጃ ተገዝቶ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ስለ ኮፍያው ጥቂት እንበል፤ መስፋት የምትፈልጉ ካላችሁ ይጠቅማችኋልና። ኮፍያ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ክቡ አናትና ዙሪያውን የሚይዘው ጠባብ ቁራጭ። ከሁሉ አስቀድሞ አቡጀዲው ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሳይታጠብ ከተቆረጠ ዒድን ያምራል፣ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ከልጁ አናት ላይ ይንሳፈፋል። ጨርቁ ድርብ ይደረግና ጠንክሮ እንዲቆም በድርቡ ላይ ስፌት ጥቅጥቅ ተደርጎ ይመላለስበታል። ልኩ ላይ እናታችንና ታናሽ እህታችን ተከራክረው ነበር። የጭንቅላቱ ዙሪያ 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአናቱ ክብ ከዳር እስከ ዳር 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለስፌት የሚታጠፈው በዚያ ላይ ይጨመራል። እህታችን ይህን ያገኘችው በትምህርት ቤት ሒሳብ አካፍላ ነው። እናታችን በስንዝራቸው ለክተው እዚያው ደረሱ።

የልጆቹን ልክ እናቶቻቸው በክር ለክተው በስልክ ነገሩን። የወንድማችንን ግን ከእሱ መጠየቅ ምስጢሩን ማውጣት ስለሆነ «ጭንቅላቱ በአባቱ ነው» ተብሎ አባታችን ተለኩ። ለምን እንደሚለኩ አልተነገራቸውም፤ ሜትሩ ግንባራቸው ላይ ሲዞር ዝም ብለው ቆሙ።

አሁን ሥራው መቼ ተሠራ እንዳትሉን። ጣሪያው ከተነሳ በኋላ ሁላችንም ማዕድ ቤት ገብተናል፤ ዕቃው በላስቲክ ተሸፍኖ ግቢ ውስጥ ነው። አናፂው እሱም ጾመኛ ስለሆነ ፀሐይ ሳይበረታ ለመሥራት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይመጣል፤ መዶሻው የሚያርፈው ቀትር ላይ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይረገጣል፤ ጭዱ ካልበሰበሰ ምርጊቱ ይሰነጠቃልና። በዚህ መካከል ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሸኛል፣ ላም ይታለባል፣ ከአስር በኋላ ደግሞ የኢፍጣሩ ሾርባና የቡላ አጥሚት ይጣዳል። ለመርፌ የተረፈው ከሱሁር እስከ ሱብሒ ያለችው ጥቂት ጊዜና ከተራዊሕ መልስ ዓይን እስኪከደን ያለው ሰዓት ነው። ነጭ ጨርቅ ጭቃ ባለበት ግቢ መያዝ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። አንዷን ኮፍያ ሦስት ጊዜ አጥበናታል፤ ገና ሳታልቅ!

በጾሙ አጋማሽ ስልክ ተደወለ። የወንድማችን ሱቅ ተዘርፏል። እሱ ምንም አልሆነም፤ ዕቃው ግን ተወስዷል፣ ለወሩ ሊልክ ያሰበው ብርም የለም። ግድግዳው ተመርጎ አልቋል፤ ጣሪያው ግን ገና ግማሽ ነው። አባታችን በዚያ ምሽት በቴምር ካፈጠሩ በኋላ ብዙ አልበሉም። በመጨረሻ «መኪናዋ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትውለው። ቆርቆሮውን ትጨርስልን ነበር» አሉ።

መኪና ያሉት የእናታችንን ሲንጀር ነው። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ በአገራችን ስሙ ማንኛውም የስፌት መኪና የሚጠራበት እስኪመስል ድረስ ተለምዷል። የእኛዋ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር ቀለሟ በክንድ ማረፊያዋ በኩል የተላጠ ናት። ከእሷ ጋር ላስቲክ ሥር ተኝተን የነበርነው እኛ ሴቶቹ ቀና ብለን እናታችንን አየናቸው። እሳቸው ድስቱን ከእሳት ላይ አወረዱና «ልጁ ትምህርት ቤት የገባበት ዩኒፎርም በእሷ ነው የተሰፋው» ብለው ወደ ሶላታቸው ሄዱ። አባታችን መልሰው አላነሱትም፤ ግን ገንዘቡም ከየትም አልመጣም። ለሦስት ቀን አናፂው አልተጠራም። እኛም ኮፍያውን ስንሰፋ የመኪናዋ ድምፅ አባታችንን የሚጠይቅ መስሎን በእጃችን ብቻ ሰፋን።

መፍትሔው ከዕቁብ መጣ። እጣው በዚያ ሳምንት የወጣላት የወንጌል አማኝ የሆነች ጎረቤታችን ናት። የፋሲካዋን ወጪ ልትሸፍንበት ነበር። የእናታችንን ነገር ስትሰማ «የእኔ በዓል ሚያዝያ 12 ነው፤ ገና ነው» አለችና ተራዋን ለወጠችላቸው። ባሏና ልጆቿ ቆርቆሮው በሚመታበት ቀን መሰላል ይዘው መጡ። ብሩ ግን ሁሉንም አልበቃም። ከኋላ በኩል ያለው ክዳን አሮጌው ቆርቆሮ ቀዳዳው ተደፍኖ ተመለሰበት፣ ኮርኒሱም ለሌላ ጊዜ ቀረ። እኛ በበኩላችን አንድ የትራስ ልብስ ከአያታችን ድርሻ ላይ ቀንሰን ለጎረቤታችን አደረግነው። አያታችን «እኔ አንድ ጭንቅላት ነው ያለኝ» ብለው ስቀዋል።

ሌላ ስሕተትም ሠርተናል። ጾሙን 30 ብለን ቆጥረን ሥራውን ያከፋፈልነው በዚያ ልክ ነበር። ቅዳሜ መጋቢት 20 ማታ ነገ ዒድ ነው ተባለ። 29ኛው ቀን ላይ ጾሙ አለቀ! ዘካተል ፊጥሩ ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት፤ እህሉ ይሰፈራል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ አዲሱ ቤት ውስጥ የተበተነው ጣውላ ይነሳል። የቀሩን አንድ የልጅ ኮፍያና የአንዷ ሻሽ ጠርዝ ነበሩ። እናታችን ላስቲኩን ከሲንጀሯ ላይ ገፈፉና አዲሱ ክፍል መሐል አቁመው ረገጧት። አባታችን በስልካቸው መብራት አበሩላቸው። ኮፍያው አለቀ፤ ሻሹ ግን በሁለት ጎኑ ብቻ ጠርዝ ይዞ ዒድን ዋለ። ልጅቷ ፋሽኑ መስሏት በኩራት አሳየችው።

ማክሰኞ የወንድማችን ኮፍያ ከቆሎው ጋር ተጓዘ። ከሳምንት በኋላ አድርጎት የተነሳውን ፎቶ ላከልን፤ ትንሽ ጠቦታል። አባታችን ለካስ በዕድሜ ሲከሱ ጭንቅላታቸውም ቀንሷል ብለን ሳቅን። ሱቁን በብድር መልሶ ከፍቷል፤ ስለ ዝርፊያው ስንጠይቀው ወሬ ያስቀይሳል።

ኮርኒሱ ዛሬም አልተሠራም። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ከወንድማችን ጋር በስልክ ስናወራ ድምፁ አይሰማንም። እሱ ግን ይሰማዋል። «ዘነበ?» ይላል።