አጋዥ የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ

አጋዥ የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ማለት የተለመደውን ኪቦርድ ወይም ማውስ በእጁ መጠቀም የማይችል ሰው በሌላ የሰውነቱ ክፍል ኮምፒውተር እንዲያዝ የሚያስችል መሣሪያ ነው። በጉንጭ፣ በአገጭ፣ በክርን፣ በጉልበት፣ በእግር ጣት፣ በትንፋሽ ወይም በዓይን እንቅስቃሴ ሊሠራ ይችላል። የፋብሪካዎቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ውድ ናቸው፤ ለሁሉም ሰው አካልም ልክ አይሆኑም። ስለዚህ ቤተሰቦች፣ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ከርካሽ ዕቃ ለአንድ ሰው ተብሎ የተለካ መቆጣጠሪያ ይሠራሉ።

ታሪክ

ከቀደምቶቹ አንዱ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ሬጅ ማሊንግ የሠራው ፖሰም ነው። በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የነበሩ ሽባ ሕሙማን በቱቦ እፍ በማለትና በመሳብ የጽሕፈት መኪና እንዲጠቀሙ አስችሏል። ስሙ በላቲን «እችላለሁ» ማለት ነው።

ቶኒ ኳን የተባለ የሎስ አንጀለስ የግድግዳ ሠዓሊ ኤ.ኤል.ኤስ. በተባለው የነርቭ በሽታ ሰውነቱ ከማይታዘዝለት ደረጃ ደረሰ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሠዓሊዎችና ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተባብረው ከመነጽርና ከቪዲዮ ጨዋታ ካሜራ «አይራይተር» የተባለ መሣሪያ ሠሩለት፤ በዓይኑ ብቻ እንደገና መሣል ቻለ። አሠራሩም ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር»ን አወጣ። በጀርባው 19 ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ስላሉት በቤት የተሠሩ ስዊቾች ሊሰኩበት ይችላሉ።

እንቅስቃሴውን መምረጥ

ሥራው የሚጀምረው ተጠቃሚውን በመጠየቅና እንቅስቃሴውን በማየት ነው። የሚመረጠው እንቅስቃሴ ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት፦

- ተጠቃሚው በፈለገው ጊዜ ሊያደርገው ይችላል፤
- ሳይፈልግ በራሱ አይመጣበትም፤
- ደጋግሞ ሲያደርገው አያደክመውም፣ አያመውምም።

ስለዚህ ጠንካራው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም። እጁ ጉልበት እያለው የሚንቀጠቀጥበት ሰው ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ይቀልለው ይሆናል። አቀማመጥም ወሳኝ ነው፤ ወገቡና ጭንቅላቱ ካልተደገፉ ኃይሉ ሁሉ ሚዛን በመጠበቅ ያልቃል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከተገኘ በዚህ ደረጃ ማማከር ይጠቅማል።

ስዊቹን መሥራት

ስዊች ሁለት ብረቶች ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ሲለያዩ የሚያቋርጥ ዕቃ ነው። ቀላሉ ዓይነት ከሁለት የካርቶን ቁራጮች ይሠራል። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ይለጠፋል፤ ፎይሎቹ ፊት ለፊት ሆነው በመካከላቸው ቀዳዳ ያለው ስስ ስፖንጅ ይገባል። ሲጫኑት ፎይሎቹ በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ፤ ሲለቁት ስፖንጁ ይለያያቸዋል። ከእያንዳንዱ ፎይል አንድ ሽቦ ወጥቶ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ባለ የ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ላይ ይታሰራል። ይህ ጃክ በአጋዥ መሣሪያዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ የቤቱ ስዊች በብዙ የፋብሪካ መሣሪያዎችም ላይ ይሰካል።

ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት

አንደኛው መንገድ አሮጌ ማውስ መክፈት ነው። በግራው ቁልፍ ሥር ያለው ትንሽ ስዊች ሲጫን በሚገናኙት ሁለት እግሮች ላይ ሁለት ሽቦ በስታኞ ይበየዳል፤ የሽቦዎቹ ሌላ ጫፍ ጃኩ ከሚሰካበት ቀዳዳ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ የካርቶኑን ስዊች መጫን የማውሱን ግራ ቁልፍ እንደ መጫን ይቆጠራል።

ሁለተኛው እንደ አርዱዊኖ ሊዮናርዶ ያለ ትንሽ ሰሌዳ መጠቀም ነው። ሰሌዳው ዩኤስቢ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ወይም ማውስ ያየዋል። የስዊች ብረቶች ሲነካኩ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ስለሚነጥሩ አንዱ ጭነት እንደ ብዙ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ጥቂት እንዲጠብቅ ይደረጋል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን ጊዜ ማስረዘም ያልታሰቡ ጭነቶችን ያስቀራል።

በአንድ ስዊች መጻፍ

አንድ ስዊች ብቻ ያለው ሰው በቅኝት ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን በስክሪኑ ላይ በየተራ ያበራል፤ የሚፈለገው ሲበራ ስዊቹ ይጫናል። በዊንዶውስ የስክሪን ኪቦርድ ላይ ይህ ምርጫ አለ።

የአማርኛ ፊደል ገበታ ለቅኝት የተመቸ ቅርጽ አለው። 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው ገበታ 231 ፊደላት ይይዛል። አንዱ እርምጃ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፦

- ፊደላቱ አንድ በአንድ ቢቃኙ፣ የመጨረሻው ፊደል ጋ ለመድረስ 231 ሰከንድ ያስፈልጋል፤
- መጀመሪያ ረድፉ፣ ቀጥሎ ዓምዱ ቢመረጥ፣ በሁለት ጭነት ቢበዛ 40 ሰከንድ ይሆናል፤
- ረድፎቹ ስድስት ስድስት ሆነው በቡድን ቢከፈሉ፣ በሦስት ጭነት ቢበዛ 18 ሰከንድ ይበቃል።

ጭነት የሚያደክመው ሰው ሁለተኛውን፣ መጠበቅ የሚከብደው ደግሞ ሦስተኛውን ሊመርጥ ይችላል።

ጥንቃቄ

ስዊቹ የሚሠራው ከዩኤስቢ በሚገኘው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ መያያዝ የለበትም። ሽቦ በአንገት ዙሪያ አያልፍም፤ በአፍ የሚያዝ ቱቦም ለሌላ ሰው አይሰጥም። ቆዳ ላይ የሚያርፍ ስዊች ቦታው መቅላትና አለመቅላቱ በየጊዜው ይታያል፤ በተለይ ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ቁስል ሳይታወቅ ሊጀምር ይችላል። መናገር የማይችል ተጠቃሚ መሣሪያው ሲበላሽ ሰው የሚጠራበት ሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ለብቻው የሚሠራ ደወል፣ ሊዘጋጅለት ይገባል።