ስሌዱን ገልብጡት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ወጣት ደንበኛዬ አዲስ ያሠራውን ስሌድ (ክብደት ተጭኖበት የሚገፋ የስፖርት መሣሪያ) እንዳይለት ግቢው ድረስ ጠራኝ። ከቱቦላሬ የተበየደ ነው፤ ሁለት ረጃጅም መግፊያዎች፣ መሃሉ ላይ ክብደት የሚደረደርበት ቧንቧ፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም። «200 ኪሎ ይችላል ብለውኛል» አለኝ። ገልብጠን ሆዱን አየነው። መሬት የሚነካው የቱቦላሬው ስስ ጠርዝ ነው፤ ፊቱም ወደ ላይ አልተቆለመመም። ግቢው ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ይሞክረው ብዬ ፈቀድኩለት። በሦስተኛው እርምጃ አፍንጫው ድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ተቸነከረ። ልጁ በገፋበት ኃይል ሄዶ ደረቱን መግፊያው ላይ ጣለ፤ ጎኑን ሳምንት ሙሉ ሲያመው ሰነበተ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሊያሠራ ሲል በስልክ አማክሮኝ ነበር፤ ያወራነው ስለ ኪሎ ብቻ ነው። የት ላይ ልትገፋው ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ስለ ስሌድ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ መሬቱ ሆኗል።

ቤት ለቤት ስፖርት ሳሠራ ስሌድን የምወደው በምክንያት ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስንሠራ ጡንቻው ክብደት እንደተሸከመ እየተለጠጠ ይወርዳል፤ በማግሥቱ ደረጃ መውረድን ጭንቅ የሚያደርገው ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስሌድ ይህ መውረድ የለበትም። ትገፋላችሁ ወይም ትጎትታላችሁ፤ ሲደክማችሁ ስታቆሙ እሱም ባለበት ይቆማል። ያለ ረዳት ቤቱ ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ሰው፣ ላዩ ላይ የሚወርድ ብረት አለመኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው።

ወጣቶቹ «ሃይሮክስ»ን በስልካቸው አይተው 152 ኪሎ ይሉኛል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሃምቡርግ ላይ በተጀመረው በዚህ ውድድር፣ በክፍቱ የወንዶች ምድብ ስሌዱ ራሱ ተቆጥሮ 152 ኪሎ፣ በሴቶቹ 102 ኪሎ ለ50 ሜትር ይገፋል። ግን ያ ቁጥር ውድድሩ የሚካሄድበት ምንጣፍ ቁጥር ነው። እግራችሁ የሚታገለው ክብደቱ ከመሬቱ ጋር ከሚፈጥረው ሰበቃ ጋር ነው፤ መሬቱ ሲቀየር ያው ኪሎ ሌላ ሥራ ይሆናል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሻንጣ የሚመዝኑባትን ተንጠልጣይ ሚዛን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። 60 ኪሎ የሆነ ስሌድ ገመድ ላይ አስሬ ስጎትት፣ በልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ከ20 ኪሎ ትንሽ አለፍ ትላለች። እዚያው ደጁ ላይ ኮብልስቶኑ ላይ ስወጣ ከ30 በላይ ትዘላለች፤ ያውም እየነጠረች። ይቺ ሚዛን ስንቱን ሰው የማይሆነውን ክብደት ከመግዛት አድናለች።

በያጅ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ሆዱ ላይ አውሉት። ከታች የሚነካው ወፍራም ላሜራ ይሁን፤ 5 ወይም 6 ሚሊ ብትሉት አትጸጸቱም። ስስ ቱቦላሬ ኮንክሪት ላይ ተፍቆ ይበሳል። የፊቱን ጫፍ እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ላይ አስቆልምሙት። መግፊያ የሚኖረው ከሆነ መሠረቱ ረዘም ይበል፤ አጭር መሠረት ላይ ረጅም መግፊያ ወደፊት ይገለበጣል። ለክብደት ማስገቢያው ቧንቧ ከመቆረጡ በፊት ያላችሁን የክብደት ቀዳዳ ለኩ። የትልቁ ባር ክብደት ቀዳዳ 50 ሚሊ ነው፤ የቤቱ ትንሹ ግን ከዚያ ብዙ ይጠባል። በጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቧንቧውን ትቶ ጠርዝ ያለው ሰፋ ያለ ሳጥን ያሠራ።

በእኔ እምነት ግን ለመጀመሪያው ዓመት ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ ጎማ ይበቃል። ጎማ ኮንክሪትን አጥብቆ ስለሚይዝ ትንሹ ክብደት ይከብዳል፤ ጎረቤትንም አይረብሽም። ባለ ቀለበት ብሎን አስገቡበት፤ ውስጡን በጣውላ ድፈኑና የአሸዋ ማዳበሪያ ጫኑበት። ገመዱን 3 ወይም 4 ሜትር አድርጉት። ገመድ ሲያጥር ወደ ወገባችሁ ሽቅብ ስለሚስብ የጎማውን ፊት ያነሳል፤ ሸክሙም ይቀልላል። የማይቻለው መግፋት ነው፤ ለእሱ ብረቱ ያስፈልጋል። ርቀቱንም አታብዙት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ 15 ሜትር ሄዳችሁ አረፍ በሉ፣ ወሬ ማውራት ስትችሉ ቀጥሉ።

ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት የከለከላቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት አሉኝ። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ጎማውን ወደ ኋላ እየሄዱ እንዲጎትቱ አደረግን፤ ከበሩ እስከ ውኃ ታንከሩ 14 እርምጃ። የመጀመሪያ ቀን ገመዱን ሳስርላቸው ጎማውን ዳበሱት። «ልጄ፣ ይኼ ከባለቤቴ ታክሲ የወጣ ነው፤ ጣሉት ስባል እምቢ ብዬ ያስቀመጥኩት» አሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ስደርስ ማዳበሪያው ውስጥ አሸዋ ጨምረውበት ጠበቁኝ። ሚዛኗን አስሬ ጎተትኩ፤ 3 ኪሎ ጨምረዋል።