«ወደ አርባ ይጠጋል»

የመመረቂያ ጥናት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ መጠይቁ ላይ ከጾታ ቀጥላ የምትመጣ፣ ማንም የማይጨነቅባት ጥያቄ ናት። ዕድሜ። ገጠር ወረድ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «ወደ አርባ ይጠጋል» ነው። ጠያቂው 40 ብሎ ይጽፋል፣ ያልፋል።

እንዲህ የተሰበሰበ ቁጥር አንድ ላይ ሲቀመጥ ያስታውቃል። በ1987ቱም በ1999ኙም የሕዝብ ቆጠራ የ30 እና የ40 ዓመት ሰዎች ከ31 እና ከ41 ዓመቶቹ እጅግ ይበዛሉ። ሰው በአምስት ዓመት ልዩነት ብቻ የሚወለድ ይመስላል! ባለሙያዎች ይህን በዊፕል ኢንዴክስ ይለኩታል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ሰዎችን ድርሻ ያያል። 100 ከሆነ ደህና፤ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው የተናገረው ድፍን ቁጥር ነው።

ሶፍትዌር ይህን አይጠይቃችሁም። የቀበሌ ኮድ አማካይ አውጣ ብትሉት እንኳ ያወጣል፤ የ05 እና የ15 አማካይ 10 ነው ይላችኋል። ኮዱ ቁጥር ይምሰል እንጂ ስም ነው። ዕድሜ በተቃራኒው እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ግን በትክክል አልተለካም። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል፣ አያስጠረጥርማ።

38ቱም 42ቱም «አርባ» ቢሉ ስህተቱ ይጣፋል፣ አማካዩ ብዙም አይናጋም። ችግሩ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ልጁን በ15 ዓመቷ የዳረ አባት ክላስተር ይዞ ለመጣ እንግዳ ስንት ይላል? አሥራ ስምንት ቢል ማን ይፈርድበታል። ያኔ መረጃው ሕጉ ተከብሯል ይላል፣ ልጅቷም ከሪፖርቱ ትጠፋለች። 300 ሰው ጠየቃችሁ 3,000፣ ውሸቱ በብዛት አይታጠብም።

የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ለአዋቂ ሰው ወረቀት መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። የሚሠራው የድርጊት የቀን መቁጠሪያ ነው፦ «በ77ቱ ድርቅ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ገና ይታዘሉ ነበር?» ለልጅቷ ደግሞ ዕድሜዋን ከመጠየቅ ስንተኛ ክፍል ሳለች እንዳገባች፣ ታናሿ ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበር መጠየቅ ይሻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለጠያቂው በመጠይቅ ብዛት እየተከፈለው ከሆነ ደግሞ አያደርገውም።

ብዙ ጥናት ምዕራፍ ሦስት ላይ «ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አልፋ የሚነግረን መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ የሚጨምር ሚዛንም ከራሱ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ዲፌንስ ላይ የምትቀመጡ መምህራን፣ ከአልፋው በፊት የዕድሜውን ስርጭት በግራፍ አሳየኝ በሉት።